ስልክን ሩት ማድረግ፦ በትዕዛዝ መስመር ወይስ በአንድ ጠቅታ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች የአንድሮይድ ስልካቸውን ሩት ለማድረግ ያሰቡ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። ትዕዛዞቹን በፊደላችን የጻፍናቸው ለንባብ እንዲመቹ ብለን ነው፤ ኮምፒውተሩ ላይ የሚተየቡት በላቲን ፊደል ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሩት ማድረግ ማለት በትክክል ምን ማለት ነው?

አንድሮይድ የተሠራው በሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም በሊኑክስ ሥርዓተ ክወና እምብርት፣ ላይ ነው። በሊኑክስ ውስጥ ሩት የሚባለው መለያ ቁጥሩ 0 የሆነው ተጠቃሚ ሲሆን ማንኛውንም ፋይል ማንበብ፣ መለወጥና መሰረዝ ይችላል። ስልኩ ከፋብሪካ ሲወጣ ይህ ሥልጣን ለገዢው አይሰጥም። መተግበሪያዎቹም እያንዳንዳቸው የራሳቸው መለያ ቁጥር ተሰጥቷቸው በየክልላቸው ተወስነው ይሠራሉ። ስልክን ሩት ማድረግ ማለት ያንን የተከለከለ ሥልጣን መረከብ ነው።

ከአሜሪካ የመጣ ስልክ የኢትዮጵያ ሲም አልቀበል ሲል «ሩት ብናደርገውስ?» የሚል ሰው አይጠፋም። አይረዳውም። ሲሙን የቆለፈው እዚያ ያለው የቴሌኮም ኩባንያ ነው፤ ቡትሎደሩን፣ ማለትም ስልኩ ሲበራ አንድሮይድን የሚያስነሣውን ፕሮግራም፣ የሚቆልፈው በአብዛኛው አምራቹ ነው፤ ሩት ደግሞ ሥርዓተ ክወናው ውስጥ ያለ ሥልጣን ነው። አንዱ ተከፈተ ማለት ሌላው ተከፈተ ማለት አይደለም።

ሰው ለምን ሩት ያደርጋል?

በመጀመሪያዎቹ የአንድሮይድ ስሪቶች ውስጥ የግዕዝ ፊደል አልነበረም። በአማርኛ የተጻፈ መልእክት ሲደርስዎ የሚያዩት የተደረደሩ ባዶ ሳጥኖችን ነበር። ፎንቱን ወደ ሲስተሙ ፎልደር ለማስገባት ሩት ስለሚያስፈልግ፣ ከነገሩ ጋር በዚያው ሰበብ የተዋወቁ ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደሉም። ያ ችግር ዛሬ የለም። አሁን ሰዎች ሩት የሚያደርጉት በአብዛኛው የመተግበሪያዎችን መረጃ ሙሉ በሙሉ ለመገልበጥ፣ በስልኩ ሁሉ ላይ ማስታወቂያ ለመዝጋት፣ ወይም አምራቹ ማሻሻያ ማውጣት ያቆመለትን ስልክ ዕድሜ ለማራዘም ነው።

ከስልኩ ጋር ተጭነው የመጡ መተግበሪያዎችን ለማስወገድ ብቻ ከሆነስ?

እንግዲያውስ ሩት አያስፈልግዎትም። ሩት ከሚፈልጉት ሰዎች ብዙዎቹ ምክንያታቸው ይኸው ስለሆነ መልሱን አስቀድመን እንናገረው። ኤዲቢ ከኮምፒውተር ሆኖ ከስልኩ ጋር መነጋገሪያ ፕሮግራም ነው፤ አዘገጃጀቱን ከታች ያገኙታል። በኮምፒውተርዎ የትዕዛዝ መስኮት ውስጥ «ኤዲቢ ሼል ፒኤም አንኢንስቶል» ብለው፣ ተጠቃሚ 0 የሚለውን (እዚህ ላይ ሩት ሳይሆን የስልኩ ዋና ተጠቃሚ ማለት ነው) ጨምረው የመተግበሪያውን የጥቅል ስም ሲጽፉ መተግበሪያው ከእርስዎ ገጽ ላይ ይወገዳል። ፋይሉ በሲስተሙ ክፍል ውስጥ ስለሚቀር ሐሳብዎን ከቀየሩ መመለስ ይቻላል፤ ስልኩን ወደ ፋብሪካ ይዞታው ቢመልሱትም ራሱ ተመልሶ ይመጣል። ዋስትናውም አይነካም፣ የባንክ መተግበሪያም አያኮርፍም። ስሙን የማያውቁትን የሲስተም ጥቅል ግን ምን እንደሚሠራ ሳያጣሩ አይንኩ።

የአንድ ጠቅታ ሩት የሚባሉት መተግበሪያዎች እንዴት ነው የሚሠሩት?

በከርነሉ ወይም በአንድሮይድ አገልግሎቶች ውስጥ ያልተደፈነ የደኅንነት ክፍተት ፈልገው፣ በዚያ ገብተው፣ ሥልጣኑን ወስደው ነው። ቁልፉ ላይ «ሩት» ተብሎ ይጻፍ እንጂ ከጀርባው የሚሠራው ሥራ የሰርጎ ገብ ሥራ ነው።

ታሪኩ ራሱ ያስቃል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የመጀመሪያው የአንድሮይድ ስልክ፣ ቲ ሞባይል ጂ1፣ በኪቦርዱ የሚጻፈውን ማንኛውንም ነገር በስውር በሩት ሥልጣን ለሚሠራ ሼል፣ ማለትም ትዕዛዝ ተቀብሎ ለሚፈጽም ፕሮግራም፣ ያስተላልፍ ነበር። ለጓደኛው «ሪቡት» የሚል ቃል ብቻውን ጽፎ ለመላክ የሞከረ ሰው ስልኩ ጠፍቶ ይነሣበታል። ጎግል ፈጥኖ ደፈነው።

በ2010 ደግሞ የበለጠ የረቀቀ መጣ። ኤዲቢን በስልኩ በኩል የሚያስተናግደው ፕሮግራም በሩት ሥልጣን ይነሣና ወዲያው ሥልጣኑን ትቶ ተራ ተጠቃሚ ይሆናል። አጥቂው ኮድ ለአንድ ተጠቃሚ የተፈቀደውን የሂደቶች ብዛት እስከ ጣሪያው ሞልቶ ያንን ፕሮግራም እንደገና ያስነሣዋል። ፕሮግራሙ ሥልጣኑን ልተው ሲል ቦታ ስለሌለ ጥያቄው ይከሽፋል፤ መክሸፉን ግን አያጣራም፤ ስለዚህ ሩት እንደሆነ ይቀጥላል። አንዲት የተረሳች የማጣሪያ መስመር ስንቱን ስልክ እንደከፈተች ሳስብ ይደንቀኛል።

ቀጥሎ ጂንጀርብሬክ በ2011፣ ታወልሩት በ2014 መጡ። ታወልሩት ጆርጅ ሆትዝ የሠራው ሲሆን በሊኑክስ ከርነል ውስጥ ፊውቴክስ የሚባለው ክፍል ላይ የተገኘን ስሕተት ይጠቀም ነበር። በዚያው ዘመን ፍራማሩት፣ ኪንጎሩትና ኪንግሩት ገበያውን ሞሉት። ኪንግሩት የስልኩን ሞዴልና ስሪት ወደ አገልጋዩ ልኮ፣ ለዚያ ስልክ የሚስማማውን ቁልፍ መልሶ ያወርድ ነበር። የሚያወርደው ምን እንደሆነ ተጠቃሚው የሚያይበት መንገድ የለም።

ዛሬም ይሠራሉ?

ማሻሻያ እየደረሰው ባለ አዲስ ስልክ ላይ በአብዛኛው አይሠሩም። ከአንድሮይድ 5 ጀምሮ ኤስኢሊኑክስ የተባለው ጥብቅ ቁጥጥር በሙሉ ኃይሉ ሥራ ላይ ዋለ፤ ከ2015 ጀምሮ ወርኃዊ የደኅንነት ማሻሻያ መውጣት ጀመረ፤ ከአንድሮይድ 7 ወዲህ ደግሞ ስልኩ ሲነሣ የሲስተሙ ክፍል መነካካቱን አጣርቶ፣ ከተነካካ አልነሣም ይላል።

በአሮጌ ስልክ ላይ ግን ሊሠሩ ይችላሉ፤ መፍራት ያለብዎትም ያኔ ነው። አጥሩ ላይ ባለቤቱን ያሾለከ ቀዳዳ ሌባውንም ያሾልካል። ይህ ስጋት ብቻ አይደለም። በመጋቢት 2011 ድሮይድድሪም የተባለ ተንኮል አዘል ፕሮግራም በአንድሮይድ ማርኬት (በዛሬው ጎግል ፕለይ) ላይ ከ50 በላይ በሆኑ መተግበሪያዎች ውስጥ ተደብቆ ተገኝቷል፤ ሩት የሚይዘውም ሰዎች በፈቃዳቸው ስልካቸውን ለመክፈት በሚጠቀሙባቸው በእነዚያው ቀዳዳዎች ነበር። ጎግል መተግበሪያዎቹን ከገበያው አንሥቶ ከተጠቃሚዎች ስልክ ላይም ከሩቅ ሰረዛቸው። የሚዲያቴክ ቺፕ ባላቸው ብዙ ስልኮች ላይ ከ2019 ጀምሮ በይፋ ይሠራበት የነበረው ቀዳዳም በደኅንነት ማስታወቂያ ላይ ተጠቅሶ መድፈኛ የወጣለት በመጋቢት 2020 ነው።

በትዕዛዝ መስመር ሲሆን ሂደቱ ምን ይመስላል?

መሣሪያው ጎግል በነፃ የሚያቀርበው ፕላትፎርም ቱልስ የሚባል ጥቅል ነው። ለዊንዶውስ፣ ለማክና ለሊኑክስ ተዘጋጅቷል፤ የጥቂት ሜጋባይት ፋይል ስለሆነ በሞባይል ዳታ ለማውረድም አያስጨንቅም። ውስጡ ሁለት ዋና ፕሮግራሞች አሉ። ኤዲቢ አንድሮይድ ተነሥቶ እየሠራ ሳለ ከስልኩ ጋር ይነጋገራል፤ ፋስትቡት ደግሞ አንድሮይድ ከመነሣቱ በፊት ከቡትሎደሩ ጋር ይነጋገራል። እዚህ ላይ የምገልጸው ለጎግል ስልክ ለፒክስልና አሠራራቸው ለእርሱ ለሚቀርብ ስልኮች የሚሆነውን ነው።

በስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ቢልድ ነምበር የሚለውን 7 ጊዜ ሲነኩት ዴቨሎፐር ኦፕሽንስ የሚባለው ዝርዝር ይከፈታል። እዚያ ውስጥ ዩኤስቢ ዲበጊንግ እና ኦኢኤም አንሎኪንግ የሚሉትን ያበራሉ። ገመዱን ሰክተው ኮምፒውተሩ ላይ «ኤዲቢ ዲቫይስስ» ብለው ሲጽፉ የስልኩ መለያ ቁጥር ይወጣል፤ ከጎኑ ግን «አንኦቶራይዝድ» ይላል። አይደንግጡ፣ ስልኩን ይመልከቱ። ለዚህ ኮምፒውተር ትፈቅዳለህ ወይ የሚል ሳጥን ስክሪኑ ላይ እየጠበቀዎት ነው። ፈቅደው ትዕዛዙን ሲደግሙት «ዲቫይስ» ወደሚለው ይቀየራል። ምንም ቁጥር ካልወጣ ከሁሉ አስቀድመው ገመዱን ይጠርጥሩ፤ ባትሪ ከመሙላት በቀር ዳታ የማያስተላልፍ ገመድ በየሱቁ ሞልቷል።

ቀጥሎ «ኤዲቢ ሪቡት ቡትሎደር» ሲሉት ስልኩ ጠፍቶ በቡትሎደሩ ገጽ ይነሣል። ከዚህ በኋላ የሚሠራው ፋስትቡት ነው። ዊንዶውስ ላይ ድራይቨሩ ካልተጫነ ፋስትቡት «ዌይቲንግ ፎር ኤኒ ዲቫይስ» ብሎ ሳይነቃነቅ ይቀመጣል፤ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ አንድ ጠቅታ ወደሚለው መተግበሪያ የሚሮጠው እዚህች ቦታ ላይ ነው፤ ድራይቨሩን መጫን ግን ቀላል ሥራ ነው።

«ፋስትቡት ፍላሺንግ አንሎክ» ብለው ሲጽፉ ስልኩ ያስጠነቅቅዎታል። በድምፅ ቁልፉ መርጠው በማብሪያው ቁልፍ ያጸድቃሉ። በዚያች ቅጽበት ፎቶውም፣ መልእክቱም፣ ሁሉም ይጠፋል። እንዲህ የተደረገበት ምክንያት አለ፤ ስልክ ያገኘ ወይም የሰረቀ ሰው ቡትሎደሩን ከፍቶ የባለቤቱን መረጃ እንዳያገኝ ነው። ስለዚህ መጠባበቂያ ቅጂ የሚወሰደው ከዚህ ትዕዛዝ በፊት ነው።

የቀረው ማጂስክ፣ የሩቱን ሥልጣን የሚሰጠውና የሚያስተዳድረው ፕሮግራም፣ ነው። ማጂስክን በ2016 ያወጣው ጆን ዉ የተባለ ገንቢ ሲሆን፣ ጎግል በ2021 በአንድሮይድ ደኅንነት ቡድኑ ውስጥ ቀጥሮታል፤ ነገሩ ፈገግ ያሰኛል። አምራቹ ካወጣው የሲስተም ጥቅል ውስጥ፣ ስልክዎ ላይ ካለው ስሪት ጋር ቁጥሩ አንድ ለአንድ ከሚገጥመው፣ ቡት የሚባለውን ምስል (ፎቶ ሳይሆን ስልኩ ሲነሣ የሚጠቀምበት የሲስተም ፋይል ነው) ነጥለው ወደ ስልኩ ይገለብጣሉ። ከፋብሪካ አንድሮይድ 13 ይዘው በወጡ ስልኮች ላይ የሚፈለገው ምስል ኢኒት ቡት የሚባለው ነው። የማጂስክ መተግበሪያ ምስሉን አሻሽሎ አዲሱን ፋይል ዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጠዋል። በ«ኤዲቢ ፑል» ወደ ኮምፒውተሩ አምጥተው፣ ስልኩን ወደ ቡትሎደሩ መልሰው፣ «ፋስትቡት ፍላሽ ቡት» ብለው የፋይሉን ስም ያስከትላሉ፤ ምስሉ ኢኒት ቡት ከሆነ በቡት ፈንታ የእርሱን ስም ይጽፋሉ። መስኮቱ ላይ መጀመሪያ ፋይሉ ሲላክ፣ ቀጥሎ ሲጻፍ ያያሉ፤ በየመስመሩ መጨረሻ ላይ «ኦኬይ» የሚል ይወጣል። ካልሆነ «ፌይልድ» ብሎ ምክንያቱን በአጠገቡ ያስቀምጣል።

ትዕዛዝ ጽፌ አላውቅም። ከባድ ነው?

አይደለም። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልጉት ትዕዛዞች ከአሥር አይበልጡም። የሚከብደው መጻፉ ሳይሆን የወጣውን መልስ ማንበቡ ነው። ሰው ስሕተት የሚል ጽሑፍ ሲያይ ሳያነብ መስኮቱን የመዝጋት ልማድ አለው። ለመልመድ ከፈለጉ ምንም ከማይሰርዙት ይጀምሩ፦ «ኤዲቢ ዲቫይስስ»፣ ፋይል ከስልክ ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ፣ የተጫኑ መተግበሪያዎችን ዝርዝር ማውጣት። ቡትሎደሩን ሳይነኩ እነዚህን ለጥቂት ቀናት ይጠቀሙባቸው። ሩት ማድረጉን ቢተዉት እንኳ ስክሪኑ ከተሰበረ ስልክ ላይ ፎቶ ለማውጣት ይጠቅሙዎታል፤ ዩኤስቢ ዲበጊንግ ቀድሞ በርቶ ኮምፒውተሩም ቀድሞ ተፈቅዶለት ከነበረ ነው ታዲያ።

በትዕዛዝ መስመር ቢሆንስ ስልኩ አይበላሽም?

ይበላሻል እንጂ። የማይገጥም የቡት ምስል ከጻፉበት ስልኩ የአምራቹን አርማ እያሳየ፣ እየጠፋ እየተነሣ ይቀራል። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ባለው ነው። ትዕዛዙን የጻፈው ሰው የለወጠው አንድ ነገር፣ የቡት ክፍሉን ብቻ እንደሆነ ያውቃል፤ ንጹሑ የቡት ምስል ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጦለታል፤ ፋስትቡት ገብቶ እርሱን መልሶ ሲጽፍበት ስልኩ ይነሣል። በአንድ ጠቅታ መተግበሪያ ያደረገው ሰው ግን የተለወጠው ምን እንደሆነ አያውቅም። መተግበሪያው ሲስተሙ ውስጥ የትኛውን ፋይል እንደተካ፣ ሥልጣን ማስተዳደሪያውን የት እንዳስቀመጠ አልነገረውም። በአቋራጭና በትዕዛዝ መስመር መካከል ካሉት ልዩነቶች እኔ ከሁሉ አብልጬ የማየው ይህንን ነው።

እንግዲህ አቋራጭ ሁሉ መጥፎ ነው ማለት ነው?

እንዲህ የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ አልስማማም። ጎግል ራሱ በድረ ገጽ በኩል ፒክስል ስልኮችን መልሶ የሚጭን መሣሪያ አለው፤ በጥቂት ጠቅታ ይጨርሳል፤ የማይታመንበት ምክንያት የለም። ቼይንፋየር የተባለው ገንቢ ለብዙ የሳምሰንግ ሞዴሎች ያዘጋጀው ሲኤፍ አውቶሩትም በዘመኑ ሥራውን በሚገባ የሠራ ነበር። አንድ ሰው ትዕዛዞቹን በተርታ ጽፎ ያስቀመጠበት የባች ፋይል ካገኙ ደግሞ በኖትፓድ ከፍተው ማንበብ ይችላሉ። አሥር መስመር ነው። የሚያውቋቸውን ትዕዛዞች ካዩበት ይጠቀሙበት፤ ከማያውቁት አድራሻ ፋይል ሲያወርድ ካዩት ይዝጉት።

መጫኛው «መጀመሪያ ፀረ ቫይረስዎን ያጥፉ» ካለዎት ግን ጉዳዩ እዚያ ላይ ይብቃ። በማጂስክ ስም የተከፈቱ ድረ ገጾችም ብዙ ናቸው፤ ማጂስክ ጊትሐብ በተባለው የፕሮግራም ኮድ ማስቀመጫ ላይ ካለው ገጹ ሌላ ይፋዊ ድረ ገጽ የለውም።

የእኔ ስልክ ሳምሰንግ፣ ቴክኖ፣ ሺያኦሚ ወይም ሁዋዌ ነው። ለውጥ አለው?

ትልቅ ለውጥ አለው። ሳምሰንግ ፋስትቡትን አይጠቀምም፤ ዳውንሎድ ሞድ የሚባል የራሱ ገጽና ኦዲን የሚባል የዊንዶውስ ፕሮግራም አለው። በተጨማሪም ባልተፈቀደ ምስል እንደተነካካ ኖክስ የተባለው የደኅንነት ሥርዓት ውስጥ ያለች ኤሌክትሮኒክ ፊውዝ ትቃጠላለች። ስልኩን እንደነበረ ቢመልሱትም ፊውዟ አትመለስም፤ ሳምሰንግ ፔይና ሴክዩር ፎልደር በዚያ ስልክ ላይ ዳግም አይሠሩም። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት ስናፕድራጎን ቺፕ ያላቸው የጋላክሲ ስልኮች ደግሞ ቡትሎደራቸው አይከፈትም፤ ስለዚህ ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣልዎትን ስልክ የሞዴል ቁጥሩን ሳያዩ አይጀምሩ።

ሺያኦሚ የራሱን አካውንት ከስልኩ ጋር አቆራኝተው እንዲጠብቁ ያስገድዳል፤ ለዓመታት ብዙ ጊዜ ያሳይ የነበረው 168 ሰዓት ነው። ሁዋዌ ከ2018 ጀምሮ የመክፈቻ ኮድ መስጠት አቁሟል።

በአገራችን የተለመዱት ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና አይቴል የአንድ ኩባንያ፣ የትራንሽን፣ ምርቶች ሲሆኑ በአብዛኛው ሚዲያቴክ ወይም ዩኒሶክ ቺፕ አላቸው። ለሚዲያቴክ ጥገና ቤቶች የሚጠቀሙት ኤስፒ ፍላሽ ቱል የተባለውን ባለ ቁልፍ ፕሮግራም ነው። እዚያ ውስጥ ፎርማት ኦል የሚለውን አማራጭ የመረጠ ሰው ስልኩ ከፋብሪካ ሲወጣ የተጻፈለትን የሬዲዮ ልኬትና አይኤምኢአይ ቁጥር አብሮ ይሰርዛል፤ ስልኩ ይነሣል፣ ኔትወርክ ግን የለም። ዳውንሎድ ኦንሊ የሚለው ይህን ክፍል አይነካም። ሁለቱ የሚገኙት በአንድ ዝርዝር ውስጥ፣ ጎን ለጎን ነው።

ጥገና ቤት ብወስደው አይሻልም?

ጎበዝ ባለሙያ ካገኙ ይሻላል። ከመስጠትዎ በፊት ግን ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ቡትሎደሩን ይከፍታል ወይስ በመተግበሪያ ነው የሚያደርገው? የስልኩን ንጹሕ ሶፍትዌር በእጁ ይዟል? ለሁለተኛው «ችግር የለም» የሚል መልስ ብቻ ከሰጠዎት ስልክዎን ይዘው ይውጡ።

የባንክ መተግበሪያዎች ይሠራሉ?

ላይሠሩ ይችላሉ። ብዙ የባንክና የክፍያ መተግበሪያዎች የቡትሎደሩን መከፈት ወይም የሩትን መኖር ያጣራሉ። ይህን ለመደበቅ የሚሠሩ የማጂስክ ሞጁሎች አሉ፤ ዛሬ የሠራው ከነገ ማሻሻያ በኋላ ላይሠራ ይችላል። ደመወዝዎ የሚገባበትንና ሒሳብ የሚከፍሉበትን ብቸኛ ስልክ ሩት ባያደርጉት እመርጣለሁ። ከመሳቢያ ውስጥ የቆየ አሮጌ ስልክ ካለ በእርሱ ይለማመዱ።

በአንድ ጠቅታ መተግበሪያ ቀድሞ ሩት አድርጌዋለሁ። አሁን ምን ላድርግ?

መተግበሪያውን መሰረዝ አይበቃም። ወደ ፋብሪካ ይዞታ መመለስም አይበቃም፤ ያ የሚያጸዳው የተጠቃሚውን መረጃ እንጂ የሲስተሙን ክፍል አይደለም። ፎቶዎችዎንና የስልክ ቁጥሮችዎን ያውጡ፤ ከአምራቹ ዘንድ ሙሉውን ሶፍትዌር አውርደው እንደ አዲስ ይጻፉበት። በዚያ ስልክ የተጠቀሙባቸውን የይለፍ ቃሎች ከሌላ መሣሪያ ላይ ሆነው ይቀይሩ፤ የኢሜይልና የባንኩን አስቀድመው።

ሩቱን አስወግጄ ቡትሎደሩን መልሼ ልቆልፈው?

ይቻላል፤ ቅደም ተከተሉ ግን አይገለበጥ። መጀመሪያ በሁሉም ክፍሎች ላይ የአምራቹ ንጹሕ ሶፍትዌር መመለስ አለበት፤ ከዚያም ስልኩ በትክክል ተነሥቶ መሥራቱን ማየት፣ ከዚያ መቆለፍ። የተሻሻለው የቡት ምስል እንዳለ ሆኖ «ፋስትቡት ፍላሺንግ ሎክ» ካሉት ቡትሎደሩ ምስሉን አጣርቶ አልቀበልም ይላል፣ ስልኩም አይነሣም፤ ኦኢኤም አንሎኪንግን አስቀድመው አጥፍተውት ከነበረ ደግሞ እንደገና መክፈት አይቻልም። ሲቆለፍም ሲከፈት እንደሆነው ሁሉ በስልኩ ላይ ያለው መረጃ በሙሉ ይሰረዛል።